«እውነት ከሆነ ያኔ ለምን ዝም አለች?» የሥነ ልቦና አማካሪ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የ44 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የአጎቴ ልጅ ከሳምንት በፊት ፌስቡክ ላይ ረጅም ጽሑፍ ለጠፈች። በ13 ዓመቷ ከገጠር መጥታ አክስታችን ቤት ተቀምጣ ስትማር፣ “ጋሼ ብዬ የምጠራው ሰው” ሌሊት እየመጣ ያልሆነ ነገር ያደርጋት እንደነበር ጻፈች። ስም አልጠራችም፤ ግን የአክስታችን ባል መሆኑን ቤተሰቡ ሁሉ አውቋል። ዕድር የሚመራ፣ የተከበረ ሰው ነው። አክስቴ “ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ብትጮህ እኔ አልሰማም ነበር?” እያለች ታለቅሳለች። ልጅቷ ያኔ 7ኛ ክፍል ሳለች ትምህርት ጠልታ፣ ዓመቱ ሳይጋመስ ብቻዋን አውቶቡስ ተሳፍራ አገር ቤት ገብታ ነበር፤ አባቷ በሳምንቱ መልሶ አመጣት። አሁን 30 ዓመቷ ነው፤ ሥራ ይዛ የራሷን ቤት ተከራይታ ትኖራለች። አክስቴ ደግ ሴት ናት፤ አሁንም ሌላ የዘመድ ልጅ አስቀምጣ እያስተማረች ነው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ እኔ ላነጋግራትና ጽሑፉን እንድታወርድ፣ ከዚያም ሁለቱን ፊት ለፊት አገናኝተን እንድናስታርቅ ተወስኗል። እውነት ከሆነ ያኔ ለምን ዝም አለች? ለምንስ ለቤተሰብ ሳትነግር በፌስቡክ? እኔስ ምን ብዬ ላነጋግራት?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ልጅቷ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት ቆም ብለው ስለጠየቁ አመሰግናለሁ። ላለፉት 16 ዓመታት ሥራዬ ጾታዊ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶችና ልጆች ማማከር ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ሽማግሌው ተበትኖ፣ ጽሑፉ ወርዶ፣ ልጅቷም ከቤተሰቧ ተቆራርጣ ካበቃ በኋላ ነው። እርስዎ ጋ ገና ነው፤ ጊዜ አለ።

ወደ ጥያቄዎ ከመግባቴ በፊት ግን እግረ መንገድዎን ስለጠቀሷት ልጅ ላንሳ። አክስትዎ ቤት «አሁንም» ተቀምጣ የምትማር ሌላ የዘመድ ልጅ አለች ብለዋል። ዕድሜዋን አልነገሩኝም። ደርሶባት እንደሆነ፣ ምንም እንዳልደረሰባትም፣ እኔም እርስዎም አናውቅም። ስለማናውቅ ነው ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ከዚያ ቤት ወጥታ ሌላ ዘመድ ጋ፣ ቢቻል እርስዎ ጋ፣ መሰንበት ያለባት። ከሽማግሌው ስብሰባ በፊት ይህን ያድርጉ። ሰበብ አያጡም። ስትመጣ ግን አስቀምጠው አይመርምሯት፤ «ጋሼ ነክቶሽ ያውቃል?» ብሎ ማፋጠጥ ልጅን ያስደነግጣል፣ በኋላ ለሚደረግ ምርመራም እንቅፋት ይሆናል። ትብላ፣ ትተኛ፣ ከልጆችዎ ጋር ትጫወት። በራሷ ጊዜ አንድ ነገር ከተናገረች፣ የተናገረችውን በራሷ ቃል ጽፈው ይያዙና ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ይሂዱ። ነገሩ የሰሞኑን ከሆነ ሰዓት ይቆጠራል፦ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ሰውነቷም ልብሷም ሳይታጠብ ሐኪም ጋ መድረስ አለባት። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልን በመሳሰሉ ቦታዎች ሕክምናው፣ ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉና የሥነ ልቦና እርዳታው በአንድ ማዕከል ስለተቀናጀ ልጅ በየቢሮው እየዞረች ታሪኳን ከአዲስ አትጀምርም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ያኔ ለምን ዝም አለች?

ዝም አላለችም። እርስዎ ራስዎ ጽፈውልኛል። ለመማር ብላ ከእናቷ ጉያ ወጥታ የመጣች የ13 ዓመት ልጅ፣ ዓመቱ ሳይጋመስ፣ ብቻዋን አውቶቡስ ተሳፍራ ተመለሰች። ገንዘቡን ከየት አገኘችው? መናኸሪያውን ማን አሳያት? ያንን ሁሉ ያደረገችው የሒሳብ ትምህርት ከብዷት ይመስልዎታል? ቤተሰቡ ግን «ትምህርት ጠላች» ብሎ ተረጎመው፤ በሳምንቱም ወደሸሸችበት ቤት መልሶ አስገባት። እግሯ ተናግሮ ነበር። ስትመለስ የተማረችው ነገር ቢኖር፣ ብትናገርም ወዴትም እንደማያደርሳት ነው።

ይህን የማየው ብልህ ስለሆንኩ አይደለም፤ ተሳስቼ ነው የተማርኩት። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንዲት ወጣት ቢሮዬ መጣች። መናገር አልቻለችም። ስልኳን ከፍታ በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችው። ማስታወሻ መያዣው ላይ ለሁለት ዓመት እየጻፈች እየሰረዘች ያቆየችው ጽሑፍ ነበር፤ መስታወቱ ስለተሰነጠቀ አንዳንዱን መስመር ስልኩን እያዘነበልኩ ነው ያነበብኩት። እሷ የመስኮቱን መጋረጃ ታያለች። አንብቤ ስጨርስ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ለምን ያኔ ለእናትሽ አልነገርሻትም?» የሚል ሆነ። ስልኳን ከእጄ ወሰደች። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ዚፑን እስከ ጥጉ ዘጋችው። ከዚያ በጣም በዝግታ «ነግሬያት ነበር» አለችኝ። «ሆዴን ያመኛል፣ ትምህርት ቤት አልሄድም፣ ከእሱ ጋር አትላኪኝ አልኳት። ከዚህ ሌላ ምን ብዬ ልንገራት? ቃሉን ማን አስተማረኝ?» ሰባት ወር አልተመለሰችም። የሰባቱን ወር ዕዳ እስከ ዛሬ እኔ ላይ ነው የምጽፈው።

ቃሉን ማን አስተማረኝ ያለችው ነገር አንድ ልጅ በአማርኛ ስለ ገላዋ ስትናገር የሚገጥማት ችግር ሁሉ ነው። የአካሏ ስም ስድብ ነው፤ ከጠራችው ባለጌ ተብላ ትቆነጠጣለች። ስለዚህ «ነካካኝ» ትላለች። «ያልሆነ ነገር አደረገኝ»፣ «ባለገብኝ» ትላለች። «አበላሸኝ» የምትልም አለች፤ ይህን ቃል ልብ ይበሉት፣ ያደረገው እሱ ሆኖ የተበላሸችው እሷ ናት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ «ያልሆነ ነገር ማለት ምን ማለት ነው? በግልጽ ተናገሪ» እንላታለን። የአጎትዎ ልጅ በ30 ዓመቷም የጻፈችው «ያልሆነ ነገር» ብላ ነው። ሲያገኟት ያንን ቃል ተቀብለው ይተዉት። ዝርዝሩን ልትሰጥዎ ብትፈልግ ትሰጥዎታለች፤ እርስዎ መጠየቅ የለብዎትም።

አክስትዎ ስለ ጭቃው ግድግዳ የተናገሩት ከልባቸው ነው ብዬ አምናለሁ። እውነትም ጩኸት አልሰሙ ይሆናል። ሰው ድንገት የሞት መርዶ ሲሰማ «ክው ብሎ ቀረ» እንላለን፤ አፉ ይከፈታል፣ ድምፅ አይወጣም፣ እግሩ አይታዘዝለትም። በጥቃት ጊዜ ሰውነት የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የስዊድን ጥናት፣ ስቶክሆልም ውስጥ ከመደፈር በኋላ ወደ ሕክምና የመጡ 298 ሴቶችን ጠይቆ ነበር፤ 70 ከመቶ የሚሆኑት በወቅቱ ሰውነታቸው ጉልህ በሆነ ደረጃ ደንዝዞ መንቀሳቀስ እንዳቃታቸው ተናገሩ። እንዲያ የደነዘዙት ናቸው በስድስተኛው ወር ላይ በከባድ ድብርትና በጭንቀት ሕመም ይበልጥ የተጎዱት። እነዚያ ዐዋቂዎች ናቸው። የ13 ዓመት ልጅ፣ በሰው ቤት፣ በጨለማ፣ «ጋሼ» የምትለው ሰው አጠገቧ ሲቆም ምን እንድትሆን ነው የምንጠብቀው? አክስትዎን ውሸታም ነዎት አይበሏቸው። ጩኸት አለመሰማቱ ግን ነገሩ አለመሆኑን አያሳይም።

ደግሞ የሰው ቤት መሆኑን አይርሱ። ዘመድ ቤት ተቀምጦ የተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ እርስዎም አካባቢዎ ስላለ ያውቁታል። በጠዋት ተነስታ ቤት ትጠርጋለች፣ ቡና ታፈላለች፣ ደብተር የሚገዛላት እሱ ነው፣ አገር ቤት ያሉት ወላጆቿ በየበዓሉ እየደወሉ የሚያመሰግኑት እሱን ነው። ለማን ትንገር? እንጀራቸውን እየበላች ለአክስቷ? «ሆድ ይፍጀው» ብላ ይዛዋለች። እርስዎ «ሥራ ይዛ የራሷን ቤት ተከራይታ» ያሉት ነገር አሁን ለምን ተናገረች ለሚለው ግማሽ መልስ ይመስለኛል፤ ከእንግዲህ ከቤት የሚያስወጣት የለም። ሌላው ግማሽ ምናልባት ያቺ አሁን እዚያ ቤት ያለች ልጅ ልትሆን ትችላለች። ብዙ ደንበኞቼ የራሳቸውን ጉዳት ዕድሜ ልክ ሊሸከሙት ወስነው፣ ሌላ ልጅ በዚያው በር ስትገባ ሲያዩ ነው አፋቸው የተከፈተው።

ለምን በፌስቡክ? በቤተሰቡ ውስጥ የትኛውም በር ብታንኳኳ ከኋላው እሱ ተቀምጧል፤ ዕድሩንም የሚመራው እሱ ነው፣ የሚሸመግሉትም የእሱ ወዳጆች ናቸው። ፌስቡክ እሱ የማይዳኝበት አደባባይ ሆነላት። በጽሑፍ ደግሞ ዐይን ማየት የለም። አዋቂ ፊት አንገት ደፍታ ያደገች ልጅ ይህን ነገር ቀና ብላ መናገር ይከብዳታል፤ በጣቷ ግን መጻፍ ትችላለች፣ ሌሊት፣ ብቻዋን፣ እየሰረዘች። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 ከመቶው ለማንም እንዳልተናገሩ፣ እርዳታም እንዳልጠየቁ አሳይቷል። ከሦስት ሁለቱ ማለት ነው። አደባባይ የወጣችው ከዚያ ዝምታ ተርፋ ነው።

በዚያው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ስንት እንዳለቀስን አስታውሳለሁ። በ2007 ዓ.ም. የ16 ዓመቷ ሃና ላላንጎ አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ከገባች በኋላ ተጠልፋ፣ በቡድን ተደፍራ ሕይወቷ ሲያልፍ አገር ተነሳ። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የባሕር ዳሯ የ7 ዓመት ሕፃን ሔቨን ታሪክ ሲሰማ እንደገና ተነሳ። ማንም «ለምን» ብሎ አልጠየቃቸውም። በሕይወት ቆይታ የምትናገረዋን ግን ምን ለብሳ እንደነበር፣ ማን እንዳስጻፋት፣ ምን ፈልጋ እንደሆነ እንጠይቃለን። ይህ ያስጨንቀኛል። ለመታመን መሞት የለባትም።

ስሙን ለማጥፋት ፈልጋ ቢሆንስ ብለው በልብዎ ሳያስቡ አልቀሩም፤ ይህን ማሰብዎ ክፉ ሰው አያሰኝዎትም። የሐሰት ክስ አለ። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት በአንድ ዩኒቨርሲቲ በ10 ዓመት ውስጥ ሪፖርት የተደረጉ 136 ጉዳዮችን መርምሮ ሐሰት ሆነው ያገኛቸው 8 ናቸው። እና በተለይ ይህችን ሴት ይዩ፦ ስም አልጠራችም፣ ገንዘብ አልጠየቀችም፣ ያተረፈችው የቤተሰቡን ቁጣ ነው። እሱም ቢሆን መብት አለው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት ማንኛውም ተከሳሽ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስኪለው ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይቆጠራል። ይህ ግን ዳኛውን የሚያዝ ሕግ ነው። ዘመዶቿ ሁሉ ተሰብስበው እሷን ውሸታም እንዲሏት አያዝም።

ሕጋችን ራሱ የሴትን ቃል ያመነበት ቦታ እንዳለ ብዙ ሰው አያውቅም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 552፣ በመደፈር ወይም ከሥጋ ዘመድ ያረገዘች ሴት ጽንሱን ለማቋረጥ ስትጠይቅ፣ እንዲያ መሆኑን መናገሯ ብቻ ይበቃል፤ የፍርድ ቤት ወረቀት አምጪ አትባልም። ሕግ አውጪው እዚህ ላይ በሩን ሳይዘጋባት ጆሮውን ሰጣት። እርስዎም ከዚያ የበለጠ አይጠበቅብዎትም። ማስረጃ ማመዛዘኑ የሌላ ሰው ሥራ ነው።

ስለ ሽምግልናው ጠንከር ብዬ እነግርዎታለሁ። ሽምግልናን አልንቅም፤ አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰፈር ሽማግሌ ነበሩ፣ በድንበርና በውርስ ስንቱን ከደም አድነዋል። በዚህ ጉዳይ ግን ሁለቱን ፊት ለፊት ማገናኘት ጥቃቱን መድገም ነው። እንዴት እንደሚሆን ልንገርዎ፣ ስላየሁት። ሶፋው ላይ ሽማግሌዎቹ፣ መካከል እሱ፣ እሷ በር አጠገብ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ንግግሩ «አባትሽ ማለት ናቸው» ተብሎ ይጀመራል። መጨረሻው ላይ ተነስታ ጉልበቱን እንድትስም ይደረጋል። አንዲት ደንበኛዬ ይህን አድርጋለች፤ ጉልበቱን ስትስም በልጅነቷ የምታውቀው የሳሙና ጠረን እንደመጣባት ነግራኛለች። ከዚያ ቀን በኋላ እናቷ ቤት ገብታ አታውቅም። በሕግም ቢሆን አስገድዶ መድፈር ሽማግሌ ስለታረቀበት የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም። ተበዳይዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ከሆነች፣ ወይም በአድራጊው ሥር የምትተዳደር ከሆነች፣ ቅጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ እንዲህ ላሉ ከባድ ወንጀሎች የተቀመጠው የይርጋ ጊዜም 20 ዓመት ነው። ከነገሩኝ ዕድሜዋ ስነሳ ጊዜው ገና ያለቀ አይመስልም። ክስ ማቅረብ አለማቅረብ ግን የእሷ ውሳኔ ነው። ስሌቱን የሕግ ባለሙያ ያስረዳት፤ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። ብቻዋን መደወል ብትፈልግ 6388፣ አለኝታ የተባለው ነፃ የስልክ መስመር አለ።

ጽሑፉን አውርጂ እንዳይሏት። አደጋ የለውም እያልኩ አይደለም፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 በኢንተርኔት የሰውን ክብርና ስም ማጉደፍን ያስቀጣል፣ ሴቶችን ዝም ለማሰኘትም ሲጠቀስ ሰምቻለሁ። ይህን የሚነግራት ጠበቃዋ ይሁን እንጂ ከቤተሰቡ የተላከ ሰው አይሁን፤ ከእርስዎ አፍ ሲወጣ ማስፈራሪያ ነው። ያው አንቀጽ ማስፈራራትንም እንደሚያስቀጣ ይወቁ። ቤተሰቡ ውስጥ «ምላሷን እንቆርጣለን» የሚል ካለ ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን ይንገሩት። ኢንቦክስ የሚላክላትን ስድብና ዛቻ ስክሪንሻት አንስታ፣ ቀኑ እንዲታይ አድርጋ ታስቀምጥ። ኮሜንቱን የሚያነብላት፣ ክፉ ክፉውን የሚያጠፋላት አንድ የምታምነው ሰው ቢኖር ትልቅ እፎይታ ነው። እርስዎ ግን ሳያስፈቅዷት ጽሑፏን ሼር አያድርጉ፤ ለደግ ነገር ብለውም ቢሆን።

ምን ልበላት ላሉት፦ መጀመሪያ አይደውሉ፣ ቤቷም አይሂዱ። እሷ የጻፈችው በጽሑፍ ነውና በጽሑፍ ይመልሱላት። እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምጽፈው፦

«እህቴ፣ የጻፍሽውን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አምንሻለሁ። ያኔ አገር ቤት ገብተሽ ሲመልሱሽ ለምን እንደሄድሽ ማናችንም አልጠየቅንሽም፤ እኔም አልጠየቅኩሽም። ጽሑፉን አውርጂ ልልሽ አይደለም። ሽማግሌ የሚባለው ነገር ውስጥ እኔ የለሁበትም። የምትፈልጊው ነገር ካለ እመጣለሁ፤ ካልፈለግሽ አልመጣም። አክስቴ ቤት የነበረችው ልጅ እኛ ጋ ናት።»

«አምንሻለሁ» የሚለው ከልብዎ ካልወጣ «ሰምቼሻለሁ» ይበሉ፤ ያላመኑትን አምኛለሁ ቢሏት ትለየዋለች። መልስ ለሳምንታት ላይመጣ ይችላል። አንብባው ዝም ብትል እንደገና አይጻፉላት፣ በሌላ ዘመድ በኩልም አያስጠይቁ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ልጅቷ ቦርሳዋን ይዛ እርስዎ ቤት ከገባች በኋላ ብቻ ይላኩ።